የጎርፉ ስልክ

ቆቦ ውስጥ ስልኩ የተበላሸበት ሰው ሁሉ ወንድሜ ዘንድ ሲመጣ የሚናገረው አንድ ዓይነት ነበር። «ሶፍትዌር ነው መሰለኝ» ይላል። በርሜል ውስጥ የወደቀውም፣ ግመል የረገጠውም፣ ባትሪው እንደ ዳቦ የተነፋውም ሁሉ ሶፍትዌር ነው። ሙዓዊያ ስልኩን ተቀብሎ ጆሮው ሥር ነቅነቅ ያደርገውና፣ «አዎ፣ ሶፍትዌሩ ጭቃ ገብቶበታል» ይላል። ባለስልኩ አይስቅም። ገበያውን ጨርሶ ሲመለስ ተሠርቶ እንዲጠብቀው ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንዲት ክፍል ለሁለት ተካፍለን ነበር የምንሠራው። በቀኝ በኩል እኔ ክርና መርፌ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የሕፃን ካልሲ እሸጣለሁ። በግራ በኩል እሱ በአንዲት ጠረጴዛ ላይ የብየዳ ብረቱንና ትናንሽ ብሎኖቹን ዘርግቶ ይቀመጣል። ጦርነቱ አልፎ ከሸሸንበት ስንመለስ ክፍሉ ባዶውን ነበር፤ መደርደሪያው ሳይቀር ተነቅሎ ሄዷል። ለእሱ የቀረችው በኪሱ ይዟት የሸሸው ካቻቪቴ ብቻ ነበረች። በእሷ እንደገና ጀመረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ግድግዳው በሞቱ ስልኮች ተሸፈነ። የሞተ ስልክ አይጥልም። «አንድ የሚሠራ ነገር ሳይኖረው የሚሞት ስልክ የለም» ይል ነበር፤ ከአንዱ ድምፅ ማጉያውን፣ ከሌላው መደወያውን እያወጣ ለሦስተኛው ያደርጋል።

ሥራውን ማንም አላስተማረውም። ልጅ ሳለ የአባታችንን ሬዲዮ ፈትቶ መልሶ መግጠም አቅቶት አንድ ቀን ሙሉ ከቤት ጠፍቷል። ማታ ተመልሶ ገጠመው፤ ሁለት ብሎን ተረፈው፤ ሬዲዮው ግን ይሠራ ነበር። አባታችን እስኪሞት ድረስ ያንን ሬዲዮ ሲከፍት፣ «እነዚያ ሁለቱ ብሎኖች አንድ ቀን ያስፈልጉናል» ይል ነበር።

ሙዓዊያ ሲሠራ አፉ አያርፍም። በእጁ የያዘው ነገር ሁሉ አስተያየት ያስፈልገዋል።

«እቴ፣ አፕዴት ምን እንደሆነ ልንገርሽ?» አለኝ አንድ ቀን። በስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ፤ እቴ ነበር የሚለኝ።

«ንገረኝ።»

«ያልጠራሽው እንግዳ ነው። አንቺ ተኝተሽ ሳለ ይገባና ድስቱን ከምድጃ አንስቶ አልጋ ሥር ያደርገዋል። ጠዋት ስትነሺ ደግሞ 'ቤትሽን አሳመርኩልሽ' ይልሻል።»

አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ስልኳ በየጊዜው እየጠፋ አስቸግሯት ስትመጣ፣ ከፍቶ አየውና አንድ የባትሪ መብራት የሚያበራ ነገር አገኘበት። «ይኼን ማን ጫነው?» አላት።

«የእህቴ ልጅ። ለመብራት ብሎ ነው።»

«ለመብራት ብሎ የዘመዶችሽን ስም ሁሉ ልየው ብሏል፣ አንቺም እሺ ብለሽዋል። ክብሪት ልትገዢ ሄደሽ ባለሱቁ መጀመሪያ የአማትሽን ስም ንገሪኝ ቢልሽ ትነግሪዋለሽ?»

«አማቴንስ ራሷን በነጻ እሰጠዋለሁ» አለች። እሱ ከሁላችንም በላይ ሳቀ፣ መብራቷን ግን አጠፋው። ነጻ ነው የሚሉትን ነገር ይፈራ ነበር። ዋጋውን ደብቆ የሚመጣ ነገር፣ ዋጋውን የሚናገረው አንተ መመለስ በማትችልበት ሰዓት ነው ይላል።

የሚስቱን ስልክ ቁልፍ እንዲከፍትለት የመጣውን አንድ ሰው ደግሞ ስልኩን በእጁ መልሶ አስይዞ፣ «ይኼ የሶፍትዌር ሥራ አይደለም ወንድሜ፤ የሽማግሌ ሥራ ነው» ብሎ ሸኝቶታል። ፎቶዋ ሁሉ ጠፍቶባት ለምታለቅስ ልጅ ሻይ ያስመጣላታል፤ ካረጋጋት በኋላ ግን፣ «አንድ ቦታ ብቻ ያለውን ነገር ከመጀመሪያውም እንደሌለ ቁጠሪው» ብሎ መልሶ ያስለቅሳታል። እኔ ስለ ትዳር ሳነሣበት፣ «እቴ፣ መመለሻ የሌለውን ቁልፍ ከመጫኔ በፊት ሦስት ጊዜ ነው የማነበው» ይለኛል። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

የጎርፉን ነገር ያመጣው አያ ኡበይድ ነው። የእናታችን የአጎት ልጅ ነው፤ ከዋጃ ወዲህ፣ ደረቁ ወንዝ ዳር ያርሳል። በእኛ ሜዳ ዝናብ በቂ ሆኖ አያውቅም። ዝናቡ የሚወርደው በምዕራብ ካሉት ተራሮች ላይ ነው፤ ወደ እኛ የሚደርሰው ጎርፍ ሆኖ ነው። ስለዚህ ገበሬው በደረቁ ወንዝ ውስጥ ከአፈርና ከእሾህ ክትር ይሠራል፤ ጎርፉ ሲመጣ በክትሩ ተጠልፎ ወደ ማሽላው ይገባል። ከባድ ጎርፍ ክትሩን ያፈርሰዋል። ሲደርቅ ሰዎቹ በሬዎቻቸውን ይዘው መልሰው ወንዙ ውስጥ ይወርዳሉ። ማሽላው የሚጠጣው እነሱ እዚያ ወርደው ከሠሩ ነው፤ እነሱን የሚወስዳቸውም እዚያ ሳሉ የመጣ ውሃ ነው። በእኛ ላይ ፀሐይ ሆኖ፣ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ውሃው ይመጣል።

ድሮ የሚያስጠነቅቀው የሰው ድምፅ ነበር። ከተራራው ግርጌ፣ ወንዙ ከገደሉ በሚወጣበት፣ ሲቲ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖራለች። ጎርፉን መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት። ከጉብታው ላይ ወጥታ ስትጮህ ከታች ያለው ሰምቶ ይጮኻል፣ ከእሱ በታች ያለውም እንዲሁ፤ ድምፁ ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበለ ከውሃው ቀድሞ ይደርሳል። ጎርፉ ከእሷ ደጅ እስከ እነ አያ ኡበይድ ክትር ድረስ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል።

አያ ኡበይድ ስልኩን ሊያሠራ መጥቶ ሳለ ነው ያወራን። ባለፈው ክረምት ነፋሱ በተቃራኒ ነፍሶ ድምፁ መሐል ላይ ተቆረጠ፤ አንድ ሰውና አንድ በሬ ሄዱ። ሰውየውን ስሙን ጠርቶ ነገረን።  ሙዓዊያ በአራተኛው ቀን ከግድግዳው ላይ አንድ ባለቁልፍ አሮጌ ስልክ አወረደ።

የሠራው ነገር ቀላል ነበር። ከስልኩ መደወያ ቁልፍ ሁለት የመዳብ ሽቦ በይዶ አወጣ። ስልኩን በዘይት ጀሪካን ውስጥ አሽጎ በሲቲ አጥር ላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለው፣ ትንሽ ሶላር ገጠመለት፣ ሽቦዎቹን ግን ወንዙ ዳር በቆመ ግንድ ላይ በሰው ጉልበት ልክ አሰራቸው። ውሃው እዚያ ሲደርስ ሁለቱን ሽቦ ያገናኛል፤ ጣት ቁልፉን እንደተጫነው ይሆናል፤ ስልኩም አያ ኡበይድ ዘንድ ይደውላል። አያ ኡበይድ አያነሣም። ሚስኮል ነው። ካልተነሣ ሒሳብ አይቆርጥም።

«አምስት ብር ሞላሁበት» አለኝ ሲመለስ። «ይቺ አምስት ብር ዕድሜ ልኳን አትነካም።» ሲናገር ፊቱ ሬዲዮውን የገጠመበትን ቀን ይመስል ነበር።

በመጀመሪያው ክረምት ዐሥራ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ዐሥራ አንዱንም ጊዜ ጎርፍ መጣ። ሰዎቹ ከነበሬዎቻቸው ወጥተው፣ ዳርቻው ላይ ተቀምጠው ውሃውን ይጠብቁት ጀመር። አያ ኡበይድ የስልኩን ቁጥር «ጎርፍ» ብሎ መዝግቦት ነበር። ገበያ መሐል ከኪሱ አውጥቶ ለሰው ያሳያል። «እናንተን ዘመድ ይደውልላችኋል፤ እኔን ጎርፍ ይደውልልኛል» ይላል።

አንድ ችግር ብቻ ነበረ። እሱንም ሊነግረው ሱቅ ድረስ መጣ።

«ሙዓዊያ፣ ከዚህ ስልክ ገላግለኝ። የአማቴ ልጅ በደወለች ቁጥር አምስት ሰው ከወንዝ ይዘላል! ከመካከላችን ጓንጉልማ ትናንት ሱሪው ተቀደደ።»

«ሱሪው ነው ወይስ ልቡ?»

«ሁለቱም። አንድ ነገር አድርግልኝ።»

ሙዓዊያ ስልኩን ተቀብሎ ሌላው ጥሪ ሁሉ ድምፅ እንዳይኖረው፣ «ጎርፍ» የተባለው ቁጥር ብቻ ከሩቅ በሚሰማ ደወል እንዲጮህ አደረገው። መልሶ ሲሰጠው፣ «በሉ አያ፣ ከእንግዲህ ጎርፍ ካልሆነ ማንም አይጠራዎትም» አለው። አያ ኡበይድ መርቆት ሄደ።

ክረምቱ አልፎ አዝመራው እንደተነሣ ሲቲ መጮኽ ማቆሟን ሰማን። ሙዓዊያ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽቦውን ሊያይ ሲሄድ እኔም ለዘመድ ጥየቃ አብሬው ሄጄ ነበር። ቤቷ ደጅ ተቀምጠን አነሣባት።

«እትዬ ሲቲ፣ ድምፅዎን አቆሙ አሉኝ።»

«ምን ልሁን ብዬ ጉሮሮዬን ልቅደድ? ያንተ ስልክ ይጮህ የለም እንዴ።»

«ሁለቱም ቢሆን ይሻላል።»

«ለአንድ መስጊድ ሁለት ሙአዚን!» ብላ ሳቀች። «ደግሞ እኮ ብጮህም ከታች ያሉት መቀበል ትተዋል። ባለፈው ጮኼ ጮኼ አንድ ሰው አልመለሰልኝም። አንዱማ 'ስልኩ ነግሯቸዋል፣ ዕረፊ' አለኝ። አረፍኩ።»

ወደ ቆቦ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ ዋጃን እንዳለፍን፣ «አንድ ነገር ክረምት ሙሉ ሳይሳሳት ሲሠራ ደስ አይለኝም» አለ።

«ምን ይሁንልህ ታዲያ? ይበላሽ?»

«ቶሎ የሚበላሽ ነገር ሰው ይጠብቀዋል።» ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። በጋ ነበር፤ የታጨደው ማሽላ አገዳው ብቻ ቀርቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓርብ ዓርብ በጎርፉ ስልክ ላይ መደወል ልማዱ ሆነ። ከጁምዓ ተመልሶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ በድምፅ ማጉያ ይደውልለታል። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ሲጠራ እኔም ከቁልፎቼና ከክሮቼ መሐል እሰማለሁ። «ሕያው ነው» ይልና ይዘጋዋል። በጋውን ሁሉ እንዲሁ አደረገ። ኔትወርክ ጠፍቶ በሰነበተባቸው ሳምንታት እንኳ፣ በተመለሰ ማግስት ዓርብን ሳይጠብቅ ደወለ። ጠራ። ዘንድሮም ሐምሌ ሲገባ ጠራ። የተራሮቹ ዝናብ ዘግይቶ ነበር፤ ሐምሌ ያለ ጎርፍ አለቀ። የመጀመሪያው የነሐሴ ጎርፍ ሌሊት፣ ሰው ወንዙ ውስጥ በሌለበት ሰዓት መጥቶ ክትሩን አፈረሰው። ያን ሌሊት ስልኩ ይደውል አይደውል ማንም አልጠየቀም። አያ ኡበይድ በኋላ እንደነገረኝ፣ 'ደውሎ እኔ ተኝቼ ይሆናል' ብሎ ነው የተወው።

ማሽላው አንገቱን ደፍቷል። ክትሩ በሦስት ቀን ካልተጠገነ ቀጣዩ ውሃ በከንቱ ያልፋል። ስለዚህ ረቡዕ ዕለት አምስት ሰዎች በሁለት ጥማድ በሬ ወንዙ ውስጥ ገቡ።

እኛ ሱቅ ነበርን። ሙዓዊያ ዝሁር ሰግዶ ተመልሶ አንድ ስክሪን እየገጠመ ነው። ዚነት የምትባል ሴት ከጎብዬ መጣች፤ ባለቁልፍ ስልኳን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛለች።

«ሶፍትዌር ነው መሰለኝ» አለችው።

«ምን ሆነብዎ?»

«ይገባል እንጂ አይወጣም። ልጄ ከጅዳ ስትደውል እሰማታለሁ፤ እኔ ልደውል ስል እምቢ ይለኛል።»

ስልኩን ተቀብሎ ሲሙን አውጥቶ አየው፣ መልሶ ከተተው፣ ሞከረው። «ካርድ የሞሉት መቼ ነው?»

«አምና ለዒድ ይመስለኛል። ምን ላድርገው ብዬ እሞላለሁ? ሚስኮል አድርጌ ነው የምኖር። ያቺው ያኔ የሞላኋት አለችልኝ፣ አልተነካችም።»

«እሱ ነዋ ችግሩ። ብዙ ወር ካርድ ካልሞሉበት መስመሩን ይዘጉታል። መጀመሪያ መውጫውን ነው የሚዘጉት። መግቢያው ለጥቂት ጊዜ ይቆይልዎታል፣ ሰው ሲደውል ይጠራል፣ ደኅና ይመስላል፣ ግን …»

ይኼን ንግግር ለስንት ሰው ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ቃሉን እንኳ አይለውጥም። በዚያን ቀን ግን መሐል ላይ ቆመ። ካቻቪቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ስልኩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«እቴ» አለ፣ «እኔ ሁልጊዜ ወደ እሱ ነው የደወልኩት።»

አልገባኝም ነበር።

«ወደ እሱ ነው የደወልኩት። እሱ ደውሎ አያውቅም። ከሞላሁለት ዓመት አልፎታል።»

ተነሥቶ ደጅ ወጣ። ተከትዬው ወጣሁ። በከተማው ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። በምዕራብ በኩል ግን ተራሮቹ አይታዩም ነበር፤ ከላይ እስከ ግርጌ ጥቁር ሆኖ ተዘግቷል። መቼ እንደጀመረ አላየንም። ማንም ቀና ብሎ አላየም።

ከእጁ ስልኩ እስኪወድቅ ቸኩሎ ለጎርፉ ስልክ ሒሳብ ላከለት። መላኩን የሚያረጋግጥ መልእክት አልመጣም። ቢመጣስ፣ ውሃው ሽቦውን ነክቶት አልፎ እንደሆነ ስልኩ አንዴ ሞክሮ ዝም ብሏል። አያ ኡበይድ ዘንድ ደወለ። ይጠራል፣ አይነሣም። ደጋገመ። ከዚያ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ፣ «ራሴ ነኝ ያጠፋሁት፤ ድምፁን ያጠፋሁት ራሴ ነኝ» አለ። ጓንጉል ዘንድ ደወለ፤ ዝግ ነው። የሌሎቹን ቁጥር አያውቅም።

ከጎናችን ፎቶ ኮፒ የሚሠራው ቻላቸው ሞተር አለው። ሙዓዊያ ቁልፉን ለመነው፤ ቻላቸው፣ «ነዳጅ የለውም ብዙ፣ ዋጃ ያደርስሃል» እያለ ሳይጨርስ ሞተሩ ተነሣ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ። ዞር ብሎ፣ «የሴትዮዋን ካርድ ሙይላትና ስጫት። እንዳታስከፍያት» አለኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ አያ ኡበይድና ጓንጉል ናቸው። ለየብቻ ነው የነገሩኝ፤ አንድ ዓይነት ነው።

ወንዙ እዚያ ጋ ዳርና ዳሩ ገደል ነው። ውስጡ ያለ ሰው ከላዩ ሰማይ በቀር አይታየውም፤ ሰማዩ ደግሞ ጥርት ያለ ነበር። አያ ኡበይድ ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ ዳርቻው ላይ ካለ ግራር ሰቅሎታል። ሙዓዊያ ሞተሩን መንገድ ላይ ጥሎ በማሽላው መሐል እየሮጠ መጣ።

«ውጡ! ጎርፍ መጥቷል፣ ውጡ!»

ጓንጉል ቀና አለ። «የታል?»

«እየመጣ ነው። በሬዎቹን አውጡ።»

«አልደወለም እኮ» አለ አያ ኡበይድ።

«አይደውልም አያ። መስመሩ ተዘግቷል።»

«ዓርብ ደውዬ ጠራ አላልክም?»

«ጠራ። ይሰማል፣ አይናገርም።»

«እንግዲያው ከእኔ ሚስት ይሻላል» አለ ጓንጉል፤ «እሷ ትናገራለች እንጂ አትሰማም።» ሁሉም ሳቁ።

ሙዓዊያ ገደሉን ተንሸራትቶ ወረደ። ከክትሩ የቀራቸው የሁለት ሰዓት ሥራ ብቻ ነበር። አያ ኡበይድ ለስላሳ ሆኖ፣ «አንተ ልጅ፣ ስማኝ። አምና ሲቲ ጮኸች ተብሎ በከንቱ ስንወጣ፣ 'ስልኩ ካልደወለ አትውጡ፣ ሥራ አታባክኑ' ያልከን አንተ አይደለህ? ያመንነው አንተን ብለን ነው» አለው።

«ብያለሁ። ተሳስቻለሁ። ወላሂ ተሳስቻለሁ፣ ውጡ።»

«ሰማዩን እየው።»

ሰማዩን አላየም። አንድ በአንድ አያቸው፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ወደ ጓንጉል በሬዎች ሄደና አፈር የሚጎትቱበትን ሳንቃ ገመድ ፈታ። ሙዓዊያ በሬ ይፈራ ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ። ቀንበሩን ይዞ እየጎተተ ወደ መውጫው መራቸው።

«ኧረ! ምን ያደርጋል ይኼ ሰው! ልቀቅ!» ጓንጉል ዱላውን አንሥቶ ተከተለው። ሙዓዊያ በሬዎቹን እየጎተተ አቀበቱን ወጣ። ጓንጉል እየተሳደበ ወጣ። የቀሩት ሦስቱ ጠቡን ለማየትም ለመገላገልም ተከትለው ወጡ። ጓንጉል ከላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ በዱላው ትከሻው ላይ መታው። ይኼን ራሱ ነው የነገረኝ፤ ማንም አላስገደደውም። «መታሁት» አለኝ። «ዞሮ አየኝና ገመዱን በእጄ አስያዘኝ። 'ያዛቸው፣ እንዳይመለሱ' አለኝ።»

ከታች የቀረው አያ ኡበይድ ብቻ ነበር፤ ከሁለተኛው ጥማድ ጋር። ሙዓዊያ ተመልሶ ወረደ። የእነዚህኞቹ ገመድ ጭቃ በልቶት አልፈታ አለ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው እየታገሉት ሳሉ ነው የሰሙት። አያ ኡበይድ ድምፁን ያውቀዋል፤ ስልሳ ዓመት ሰምቶታል። ሊነግረው ቀና ሲል፣ ሙዓዊያ ውሃው በሚመጣበት በላይኛው ወገን ነበረ።

«ገፋኝ» አለኝ አያ ኡበይድ። «በሁለት እጁ ደረቴን ገፋኝ። ከዳርቻው ሥር ወደቅሁ። የዛፍ ሥር ነበረ፣ ሥሩን ያዝኩ። እሱ ከበሬዎቹ ወዲያ ቀረ።»

ከዚያ በኋላ ውሃው ብቻ ነበር። አራቱ ሰዎች ከላይ ሆነው አያ ኡበይድን በገመድ ሳቡት። በሬዎቹ አንድ ጊዜ ታዩ፣ ከነቀንበራቸው። እሱ አልታየም።

ግራሩ ላይ የተሰቀለውን ስልክ ሲያወርዱት ሰባት ያልተነሣ ጥሪ ነበረበት። ሰባቱም የሙዓዊያ ነበሩ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ወንዙ ወደ ምሥራቅ ቆላው ሰፍቶ በሚሞትበት ቦታ ግመል የሚጠብቁ ሰዎች አገኙት። መልሰው በወሳንሳ አመጡልን፤ ከአስር ሰላት በፊት ቀበርነው። ዚነት ከጎብዬ መጥታ ነበር። ከሴቶቹ ጋር ጥግ ላይ ተቀምጣ ስልኳን በመሐረቡ ይዛዋለች። ማን እንደሆነች የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ሲቲ በሦስተኛው ቀን መጣች። ከተራራው ግርጌ በእግሯ ነው የመጣችው። ተቀመጪ ብያት ውሃ ሰጠኋት፤ አልጠጣችውም።

«አየሁት እኮ» አለች። «በደጄ ሲያልፍ አየሁት። እንደዚያ ያለ ውሃ ከተወለድኩ አላየሁም፤ ዛፍ ይዞ ነበር። ጉብታው ላይ ወጣሁ። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ስልኩ ነግሯቸዋል ብዬ ተመልሼ ገባሁ። እህል ላይ ነበርኩ።»

ውሃውን መልሼ አቀረብኩላት፣ ያን ጊዜ ጠጣች።

ያ ጎርፍ የተጀመረውን ክትር አፍርሶታል፤ ግን በጣም ትልቅ ስለነበር ዳርቻውን ጥሶ በራሱ ወደ እርሻው ገባ። እንዲህ ያለ ውሃ በዐሥር ዓመት አንዴ ነው የሚገኘው ይላሉ። የእነ አያ ኡበይድ ማሽላ ጠግቦ ጠጣ። በጥቅምት ሲያሸት ከመንገድ ላይ ሆኖ ያየው ሰው ሁሉ ያወራለት ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አያ ኡበይድና ጓንጉል በግመል ሁለት ጆንያ ማሽላ ጭነው ደጃችን መጡ። እዚያ አገር ደንብ አለ፤ ክትሩ ላይ የሠራ ሰው ከውሃው ድርሻ አለው፣ አንድ ቀንም ቢሠራ፤ ድርሻው ከሞተ በኋላም ለቤተሰቡ ይደርሳል። አምስቱ ተሰብስበው እሱም ሠርቷል ብለው ወስነዋል።

«እሱ አፈር አልጎተተም» አልኳቸው።

«በሬ ፈትቷል» አለ ጓንጉል። ከግመሉ ጋር ነበር የሚያወራ የሚመስለው፤ ወደ እኔ አላየም። «እናስገባው ወይስ ደጅ እናውርደው?»

አስገቡት አልኳቸው። ሰኞ ዕለት አንዱን ጆንያ ወፍጮ ቤት ወስጄ አስፈጨሁት። ልጆች አሉኝ።